እርም ሳያወጡ ወደ ቀጣዩ አልጋ

ጥያቄ፦ «ነርስ ነኝ፤ በውስጥ ደዌ ክፍል መሥራት ከጀመርኩ ሰባተኛ ወሬ ነው። ባለፈው ሳምንት ለአሥራ አንድ ቀን የተንከባከብኳቸው አንድ አባት ረፋድ ላይ አረፉ። ጠዋት ጠዋት 'ልጄ፣ መጋረጃውን ክፈችልኝ' ይሉኝ ነበር። ልባቸው ቆሞ ሲፒአር ሲሠራ ደረታቸውን ከተጫኑት አንዷ እኔ ነበርኩ። ሐኪሙ 'ይበቃል' ካለ ሩብ ሰዓት ሳይሞላ የመድኃኒት ጋሪዬን እየገፋሁ ወደ ሌሎቹ ታማሚዎች ሄድኩ። አንዷ ታማሚ ቀልድ ስትነግረኝ ሳቅሁ። ቀኑን ሙሉ አላለቀስኩም። ማታ ቤቴ ደርሼ ቁልፌ ሲጠፋብኝ ግን ደጃፍ ላይ ተቀምጬ ስንሰቀሰቅ አመሸሁ። ነባሮቹ 'ትለምጂዋለሽ' ይሉኛል። መልመዱንም አለመልመዱንም ፈራሁት። እንዲህ ያለ ቀን ሲገጥመኝ ቀሪውን ሰዓት እንዴት ነው የምሠራው? ያን ቀን የሳቅሁትስ ጨካኝ ሆኜ ነው?»

ምላሽ፦ እህቴ፣ ከመጨረሻው ልነሣ። ጨካኝ አልሆንሽም። ጨካኝ ሰው ቁልፍ ሲጠፋበት የሚፈልገው ቁልፉን ነው፤ ደጃፍ ላይ ተቀምጦ አያለቅስም። ያለቀስሽው ለቁልፉ እንዳልሆነ አንቺም ታውቂዋለሽ፤ ባታውቂው ኖሮ ሳቁንና ለቅሶውን በአንድ ደብዳቤ ጎን ለጎን አታስቀምጫቸውም ነበር።

እኔ ወደ ሥነ ልቦና ሕክምና ከመዞሬ በፊት ዘጠኝ ዓመት በጽኑ ሕሙማን ክፍል ነርስ ሆኜ ሠርቻለሁ። ዛሬ ከማነጋግራቸው ሰዎች የሚበዙት ሐኪሞች፣ ነርሶችና አዋላጆች ናቸው። ያቺን ሳቅ ያልነገረኝ የለም ማለት ይቻላል። ሁሉም ሲነግሩኝ ድምፃቸውን ዝቅ ያደርጋሉ፤ ወንጀል የሚናዘዙ ይመስላሉ።

ነገሩ ግን የሰውነት ሥራ ነው። ደረት ስትጫኚ አድሬናሊን ደምሽን ያጥለቀልቀዋል፤ ልብ ይደልቃል፣ አፍ ይደርቃል፣ ዓይን ከፊቱ ካለው በቀር ሌላ አያይም። አድሬናሊኑ ራሱ በደቂቃዎች ውስጥ ከደም ይጠራል። ኮርቲሶል የተባለው ሌላው የጭንቀት ሆርሞን ግን ቀስ ብሎ የሚወጣ፣ ቀስ ብሎ የሚወርድ ነው። ስለዚህ «ይበቃል» ከተባለ ከአንድ ሰዓት በኋላም ሰውነትሽ ገና ከዚያ አልጋ አጠገብ ነው። እንዲህ የተወጠረ ሰውነት ቀዳዳ ባገኘበት ይተነፍሳል። ሳቅ አንዱ ቀዳዳ ነው፤ የእጅ መንቀጥቀጥ ሌላው ነው፤ በማይረባ ነገር ቱግ ማለትም እንደዚያው። ለቅሶው የዘገየው ልብሽ ስለደረቀ ሳይሆን ሥራ ላይ ስለነበርሽ ነው። ማንም የማይፈልግሽ ቦታ እስክትደርሺ ጠበቀሽ፤ ያ ቦታ ደጃፍሽ ሆነ።

በቋንቋችን ለዚህ ነገር የተዘጋጀ አባባል አለ፦ እርም ማውጣት። ሰው የሞተበት ሰው አልቅሶ፣ የሟቹን ስም ጠርቶ፣ ከሰው ጋር ተቀምጦ እርሙን ያወጣል። የጤና ባለሙያ ችግር ብዙ ሞት ማየቱ ብቻ አይመስለኝም። እርም የማውጫ ጊዜም፣ ቦታም፣ ፈቃድም የሌለው መሆኑ ይብሳል። ዘመድ አይደለሽምና ማንም «አይዞሽ» ሊልሽ አይመጣም፤ አልጋው ደግሞ ከሰዓት በኋላ ሌላ ሰው ይተኛበታል። አሜሪካዊው የሐዘን ተመራማሪ ኬኔት ዶካ እ.ኤ.አ. በ1989 ባሳተመው ሥራው የገለጸው ይህንን ዓይነቱን ነው፤ ሰዎች እንደ ሐዘን የማይቆጥሩት፣ ሐዘንተኛውም ራሱ «ምን አገባኝና ነው የማዝነው» እያለ የሚያፍርበት ሐዘን። ከዚህ በታች የምልሽ ሁሉ በአንድ ነገር ላይ ይቆማል። ከሞቱት ሰው አልጋ ወደ ቀጣዩ አልጋ ስታልፊ፣ በመካከሉ የምትሻገሪው ደፍ ያስፈልግሻል፤ የአንድ ደቂቃም ቢሆን። አንቺ ያለ ደፍ ተሻገርሽ፤ ማታ የቤትሽ ደፍ አስቆመሽ።

«ትለምጂዋለሽ» ያሉሽን አልቀየምባቸው። የሚሉት ለማጽናናት ነው፤ ለእነሱም ሌላ የነገራቸው ስላልነበረ ነው። ግን የምን መልመድ? ኢዛቤል ሜንዚስ የምትባል የሥነ ልቦና ባለሙያ በለንደን በአንድ ማስተማሪያ ሆስፒታል የነርሶችን አሠራር አጥንታ እ.ኤ.አ. በ1960 አሳትማለች። ያየችው የሚገርም ነው። ሥራው ሆን ተብሎ የተቆራረጠ ነበር፤ አንዷ ነርስ የሁሉንም ሙቀት ትለካለች፣ ሌላዋ የሁሉንም አልጋ ታነጥፋለች፣ ማንም ከአንድ ታማሚ ጋር ብዙ አይቆይም። ታማሚው በስሙ አይጠራም፤ «አሥር ቁጥር ላይ ያለው ጉበት» ይባላል። ይህ ሁሉ ነርሷን ከሐዘንና ከጭንቀት ለመጠበቅ የተሠራ አጥር ነበር። አጥሩ ጭንቀቱን አላስቀረውም። ይልቁንም ሥራው ከሚሰጠው ደስታ አራቃቸው፤ ብዙ ተማሪ ነርሶችም ሥልጠናቸውን ሳይጨርሱ ይወጡ ነበር። እኛም ዛሬ «አራት ቁጥር ኢንሱሊኑን ወስዷል?» ስንል ያንኑ እየሠራን ነው። ለቅልጥፍና ከሆነ ይሁን፤ መሸሸጊያ ሲሆን ግን ውሎ አድሮ ያስከፍላል። እጅሽ ይልመድ፤ ካኑላ (የደም ሥር ቱቦ) ማስገባቱን፣ ኦክስጅን መክፈቱን፣ ሞኒተር ማንበቡን ሳታስቢ ትሠሪው ዘንድ። የሰውየውን «ልጄ» ማለት ግን እንድትለምጂው አልፈልግም። ነባሮቹን ደግሞ አንድ ቀን ለብቻ አግኝተሽ «የመጀመሪያው የሞተብሽ ሰው ማን ነበር?» ብለሽ ጠይቂያቸው። ሃያ ዓመት የሠራች ነርስ የአልጋውን ቦታ፣ የለበሰውን ቀለም፣ የነበረውን የአየር ጠባይ ስትነግርሽ፣ ለመድኩት ያለችው ነገር ምን እንደሆነ ትረጂዋለሽ።

አሁን ወደ ሩብ ሰዓቱ እንግባ፤ ከደብዳቤሽ እንደማየው ነገሩ የተበላሸው እዚያ ነው።

ጆናታን ባርትልስ የተባለ አሜሪካዊ ነርስ በቨርጂኒያ ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል ያስጀመረውና ወደ ብዙ ሆስፒታሎች የተስፋፋ አንድ ቀላል ልማድ አለ። «ይበቃል» ከተባለ በኋላ፣ ጓንት ሳይወልቅና ሰው ሳይበተን፣ አንዱ «እባካችሁ ለአፍታ እንቁም» ይላል። እኚህ ሰው ከዚህ አልጋ በፊት ሕይወት እንደነበራቸው፣ የሚወዱና የሚወደዱ እንደነበሩ፣ የተሰበሰበው ቡድንም የሚችለውን እንዳደረገ በሁለት ዓረፍተ ነገር ያስታውሳል። ከዚያ ሁሉም ዝም ይላል። የሚጸልይ በልቡ ይጸልያል፤ የማይጸልይ ዝም ብሎ ይቆማል። አንድ ደቂቃ ያህል ነው፣ ብዙ ጊዜ ከዚያም ያንሳል። የሚናገረው ሰው የግድ ሐኪም መሆን የለበትም፤ የሰባት ወር ነርስም ትችላለች። እኔ መጀመሪያ የተናገርኩ ቀን ድምፄ ተሰነጣጠቀ፤ የማደንዘዣ ባለሙያው ሰዓቱን አየ። «ቸኩለናል» ሊል ነው ብዬ ስጠብቅ እጁን ከሞኒተሩ ላይ አንሥቶ ወደ ታች ለቀቀው። ክፍሉ ውስጥ ከዚያ በኋላ የተሰማው የኦክስጅኑ ፉጨት ብቻ ነበር፤ እሱንም የሚዘጋው ሰው ለመዝጋት አልደፈረም።

ቀጥሎ አስከሬኑን የማዘጋጀት ሥራ አለ። ብዙ ጀማሪዎች ይህን ለሌላ ሰው መተው ያስመኛቸዋል። ከቻልሽ አትተዪው። ለአሥራ አንድ ቀን ያጠብሽውን ሰው ለመጨረሻ ጊዜ ማጠብ እርም የማውጫ አንዱ መንገድ ነው፤ ለእጅሽም ማዳን ያልቻለውን ሰው አክብሮ የመሸኘት ዕድል ይሰጠዋል። ጉንጫቸው ላይ ቱቦውን የያዘው ፕላስተር ሲነሣ የሚቀረውን ቀይ መስመር በእርጥብ ጨርቅ ትጠርጊዋለሽ፤ ፀጉራቸውን ወደሚያበጥሩት አቅጣጫ ትመልሽዋለሽ። እያነጋገርሻቸው ሥሪ፦ «አባባ፣ ይህን መርፌ ላወጣልዎ ነው» በይ። የሚሰማሽ ካለ ይስማ። (የሞቱ ምክንያት በሕግ የሚመረመር ከሆነ ግን ቱቦውም ካኑላውም ባለበት ይቆያል፤ ከመንካትሽ በፊት ተረኛውን ሐኪም ጠይቂ።)

ሰዓት ከሌለሽ፣ የማይቀረውን ነገር ደፍ አድርጊው፤ እጅ መታጠቡን። የዓለም ጤና ድርጅት መመሪያ በሳሙናና በውሃ መታጠብ ከ40 እስከ 60 ሰከንድ ይወስዳል ይላል። ያንን ደቂቃ ማንም አይወስድብሽም፤ እንዲያውም ባታደርጊው ያስወቅስሻል። ውሃው እየወረደ በአፍንጫሽ አየር ሳቢ፤ ስታስወጪ ከሳብሽበት አርዝሚው፤ እንዲህ አራት አምስት ጊዜ። ረዥም የትንፋሽ አወጣጥ የልብ ምትን ዝቅ ያደርጋል፤ ሰውነት አደጋው እንዳለፈ የሚረዳው በቃል ሳይሆን በእንዲህ ያለ ምልክት ነው። ከዚያ በልብሽ «አባባ፣ ደኅና ይሁኑ። አሁን ወደ ሌሎቹ ልሄድ ነው» በይ። ሞኝነት ይመስላል፤ ሞክሪውና ፍረጂ።

ከመሄድሽ በፊት ለአንድ ሰው ንገሪ። ታሪኩን አይደለም፤ አንድ ዓረፍተ ነገር፦ «አሁን የሞቱት የእኔ ታማሚ ናቸው፤ ደኅና አይደለሁም፤ ከምሳ በኋላ አነጋግሪኝ።» እኔ ለዚህ ያለኝ ስም ቀጠሮ ነው። «ሆድ ይፍጀው» ብሎ መዋጥና ለሐዘኑ ቀጠሮ መስጠት ከውጭ ሲታዩ አንድ ናቸው፤ በሁለቱም ፊትሽ ላይ ምንም አይታይም። ልዩነቱ ቀጠሮ የተሰጠው እንግዳ ሰዓቱ እስኪደርስ በሩን አለመደብደቡ ነው። ቀጠሮውን ካላከበርሽ ግን በሚቀጥለው ጊዜ አያምንሽም።

የመድኃኒት ጋሪው ከሁሉ በላይ ያሳስበኛል። ሐዘንሽ ላንቺ ከባድ ነው፤ ለቀጣዩ ታማሚ ደግሞ አደገኛ ሊሆን ይችላል። እ.ኤ.አ. በ2010 በአውስትራሊያ ጆአና ዌስትብሩክ የመራችው ጥናት በሁለት ሆስፒታሎች 98 ነርሶች መድኃኒት ሲሰጡ ተመለከተ፤ በእያንዳንዱ መቋረጥ ቁጥር የሕክምና ስሕተት በ13 በመቶ አካባቢ ይጨምር ነበር። ያ ስልክ የጮኸበት፣ ሰው የጠራበት ተራ መቋረጥ ነው፤ አንቺን ያቋረጠሽ ሞት ነው። ሌላም አለ። ጄን ሪቻርድስና ጄምስ ግሮስ እ.ኤ.አ. በ2000 ባሳተሙት ጥናት፣ ስሜታቸው ፊታቸው ላይ እንዳይታይ የታዘዙ ሰዎች በዚያው ሰዓት ያዩትንና የሰሙትን ነገር ከሌሎቹ ያነሰ አስታወሱ። ፊትን መቆጣጠር የአእምሮ ጉልበት ይበላል ማለት ነው፤ ያ ጉልበት ደግሞ «ሄፓሪኑን ሰጥቻለሁ ወይስ ልሰጥ ነበር?» ለሚለው ጥያቄ የሚያስፈልግሽ ነው።

ስለዚህ ለኃላፊዋ ነርስ «አሥር ደቂቃ ጋሪዬን ያዙልኝ» ማለት ድክመት አይደለም፤ የታማሚ ደኅንነት ጉዳይ ነው፤ በዚሁ ቃል ብትጠይቂም የተሻለ ትደመጫለሽ። ሰው ከሌለ የሥራውን ቅደም ተከተል ለውጪ። ሰዓቱ የግድ ካልሆነ በስተቀር መጀመሪያ የደም ግፊትና የሙቀት ልኬቱን፣ የአልጋውን ሥራ ጨርሺ፤ እጅሽ ሲረጋ ወደ መድኃኒቱ ተመለሺ። ኢንሱሊን፣ ሄፓሪን፣ ፖታሲየም ክሎራይድ፣ ሞርፊንና መሰሎቹን፣ ትንሽ ስሕተት ብዙ የሚጎዳባቸውን መድኃኒቶች፣ በዚያ ቀን ብቻሽን አታዘጋጂ፤ ሌላ ዓይን ይየው። የታማሚውን ስም፣ የመድኃኒቱን ስምና መጠኑን ድምፅ አውጥተሽ አንብቢ። መስጠትሽንም ወዲያው መዝገቡ ላይ ምልክት አድርጊ፤ «በኋላ እሞላዋለሁ» የሚባለው ነገር እንዲህ ባለ ቀን አይሞላም።

ማንም የማያነሣውን ደግሞ ላንሣ፤ የክፍሉን ሌሎች ታማሚዎች። መጋረጃ ድምፅ አይከለክልም። ሩጫውን፣ የጋሪውን መንኳኳት፣ ቁጥር ሲቆጠር፣ ከዚያ ዝምታውን ሁሉንም ሰምተዋል። ቀልድ የነገረችሽ ሴትዮ ከስንት አልጋ በኋላ ናት? ምናልባት ቀልዱ የእሷ ፍርሃት ነበር፤ ምናልባትም የአንቺን ፊት አይታ ልትደግፍሽ ፈልጋ ነበር። ታማሚዎች እኛ ከምናስበው በላይ ያዩናል። ያኔ ብትስቂላት ምን ያስወቅሳል? ከሚራመድ ሬሳ ይልቅ የምትስቅ ነርስ ትሻላቸዋለች።

አጠገባቸው የተኙት ሰው «የት ሄዱ?» ብለው ሲጠይቁሽ «ወደ ሌላ ክፍል ተዛወሩ» አትበዪ። ያውቁታል፤ ያወቁትን ስትክጂባቸው ነገ ስለራሳቸው የምትነግሪያቸውንም አያምኑም። የሟቹን ሕመም ዝርዝር መንገር አይፈቀድልሽም፤ መሞታቸውን መካድ ግን ሌላ ነገር ነው። እኔ «አዎ፣ አርፈዋል። ሰምተውት ነበር፣ አይደል? እርስዎ እንዴት ነዎት?» እል ነበር። አንድ ጊዜ እንዲህ ስላቸው አንድ ሽማግሌ ብዙ ዝም ብለው ቆይተው «ሌሊት እኔን ነበር ውሃ ልስጥህ የሚሉኝ» አሉኝ። ከዚያ ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዞሩ። አልጋቸው ጫፍ ላይ ሁለት ደቂቃ ያህል ተቀመጥኩ። ያች ሁለት ደቂቃ ለሁለታችንም ሐዘን ሆነች፤ እንዲህ ያለውን ዕድል እየሮጥን ስንቱን እናልፈዋለን።

ቤተሰቡን በሚመለከት ሁለት ነገር ልበል። መርዶ የመንገሩ ኃላፊነት የሐኪሙ ነው፤ አንቺ ግን አብረሽ ልትቆሚ ትችያለሽ፣ ከሐኪሙም በኋላ ጥያቄው ወደ አንቺ ይመጣል። ቃሉ ግልጽ ይሁን። «አርፈዋል» የሚለው አክብሮታችን አንዳንድ ጊዜ ያሳስታል። ሌሊቱን ስትጠብቅ ያደረች ልጅ በሩ ላይ «አባትሽ አርፈዋል» ስትባል «ተመስገን፣ ሌሊቱን ሙሉ እንቅልፍ አልነበራቸውም» ስትል በጆሮዬ ሰምቻለሁ። ከዚያ በኋላ እኔ «ሕይወታቸው አልፏል» ወይም «ሞተዋል» ሳልል ከክፍሉ አልወጣም። ስለ እንባ ደግሞ፦ ዓይንሽ እንባ ቢያቀርር ቤተሰቡ አይከፋም፤ አባታቸው ለሰው ሰው እንደነበሩ ያዩበታል። መለኪያው አንድ ነው። እነሱ አንቺን ማጽናናት ከጀመሩ ይቅርታ ጠይቀሽ ውጪ።

ደብዳቤሽ ላይ ያልጠየቅሽው ነገርም አለ። «ደረታቸውን ከተጫኑት አንዷ እኔ ነበርኩ» ያልሽው ለምን ነው? እንደ ግምቴ «በደንብ ተጭኜ ይሆን?» የሚል ጥያቄ ከሥሩ አለ። መመሪያው በደቂቃ ከ100 እስከ 120፣ ጥልቀቱም ከ5 እስከ 6 ሴንቲሜትር ይላል፤ በአረጋዊ ደረት ላይ ይህ ጎድን ይሰብራል። ያ ስንጥቅ የሚል ስሜት መዳፍ ላይ ለቀናት ይቀራል፤ ስሕተት የሠራሽ ይመስልሻል፤ ብዙ ጊዜ ግን በትክክል የመጫንሽ ምልክት ነው። ደግሞም ሲፒአር ሁሉም የሚያምነውን ያህል አያድንም። እ.ኤ.አ. በ1996 የታተመ አንድ ጥናት የአሜሪካ የቴሌቪዥን ድራማዎች ላይ ሲፒአር ከተሠራላቸው ገጸ ባሕርያት ሦስት አራተኛው ሲነቁ እንደሚታዩ ቆጥሯል። በእውነተኛው ሆስፒታል፣ በዚያው አገር መዝገብ፣ ልባቸው ሆስፒታል ውስጥ ከቆመባቸው አዋቂዎች በሕይወት ወደ ቤት የሚመለሱት ከአራት አንድ ገደማ ናቸው። በዕድሜ የገፉና ብዙ በሽታ ያለባቸው ሲሆኑ ከዚያም ያንሳል። አንቺና ጓደኞችሽ የጀመራችሁት ብዙ ጊዜ የሚሸነፉበትን ግብግብ ነበር።

እውነተኛ ስሕተት ተሠርቶ ከሆነ ነገሩ ይለያል። በስሕተት ታማሚ ሲጎዳ አብሮ የሚሰበረውን ባለሙያ አልበርት ዉ የተባለው አሜሪካዊ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ2000 «ሁለተኛው ተጎጂ» ብሎ ጠርቶታል። ቃሉን የማይወዱ አሉ፤ የመጀመሪያው ተጎጂ ታማሚውና ቤተሰቡ መሆናቸው እንዳይረሳ ይሰጋሉ፤ ስጋታቸው ይገባኛል። ስሕተት ካለ አትደብቂው፤ ብቻሽንም አትሸከሚው፤ ሪፖርቱን ስታደርጊ የምታምኛት ሰው አጠገብሽ ትኑር።

ማታ ቀጠሮሽን አክብሪ። ሩብ ሰዓት ይበቃል፤ ስልክሽን አስቀምጠሽ፣ የሥራ ልብስሽን ቀይረሽ፣ ተቀምጠሽ። ለቅሶ ከመጣ ይምጣ፤ ካልመጣ አትጎትቺው። ለቤተሰብሽ መንገር ትችያለሽ፤ የታማሚው ማንነትና ሕመም ግን ከሆስፒታሉ አይውጣ፤ «ዛሬ አንድ የምወዳቸው ሰው ሞቱብኝ» ማለት ይበቃል። ለመተኛት ብለሽ አልኮል አትጠጪ፤ እንቅልፉን ያመጣና ሌሊት ላይ ይነጥቅሻል። ሆስፒታሉ ሁላችሁንም ሰብስቦ የሆነውን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ በግድ ተናገሩ ቢል ደግሞ «አልፈልግም» የማለት መብት አለሽ። አንድ ጊዜ ብቻ የሚደረግ የግዴታ ማውጣጣት በኋላ የሚመጣን የአእምሮ ቁስል እንደማይከላከል የጥናት ግምገማዎች አሳይተዋል፤ ጥቂቶችንም ይባስ ጎድቷል። ፈልጎ ከጓደኛ ጋር ማውራት ሌላ ነው፤ እሱ ይጠቅማል።

የሰውየው ፊት ድንገት ዓይንሽ ላይ ድቅን የሚልብሽ ከሆነ አንድ እንግዳ የሚመስል ነገር ልንገርሽ። ኤሚሊ ሆምስና ባልደረቦቿ በኦክስፎርድ እ.ኤ.አ. በ2009 ባሳተሙት ጥናት፣ የሚያስደነግጥ ፊልም ካዩ ከግማሽ ሰዓት በኋላ ቴትሪስ የተባለውን ጡብ የመደርደር የኮምፒውተር ጨዋታ የተጫወቱ ሰዎች በሳምንቱ ውስጥ የመጡባቸው ያልተጠሩ ምስሎች ያነሱ ነበሩ። ዓይነ ኅሊና ጡብ በማዞር ሲጠመድ አስፈሪውን ምስል አጥብቆ መያዝ ያቅተዋል ነው ነገሩ። መድኃኒት ነው አልልሽም፤ ግን ወደ ቤት ስትሄዲ ስልክሽ ላይ ጡብ ብትደረድሪ «ሰው ሞቶ እጫወታለሁ» ብለሽ አትፈሪ።

ባለሙያ የምትፈልጊበትን ጊዜም ልንገርሽ። የመጀመሪያዎቹ ቀናት እንቅልፍ ማጣት፣ መደንገጥ፣ ሆደ ባሻ መሆን የሚጠበቁ ናቸው። ከአንድ ወር በኋላም ሞኒተር ሲጮህ እየበረገግሽ፣ ያንን አልጋ ላለማየት እየዞርሽ፣ ወይም ምንም ነገር ሳይሰማሽ ከቀጠለ ሐኪም አማክሪ። ለራስሽ ከክፍሉ መድኃኒት መውሰድ ካማረሽ ወይም መኖር ካስጠላሽ ግን ወሩን አትጠብቂ፤ በዚያው ቀን ለሰው ንገሪ።

በመጨረሻ የመጋረጃው ነገር። እኔ አንድ ደብተር አለኝ፤ ስም የለበትም፣ ቀን የለበትም፣ የሕመም ዓይነት የለበትም፤ ደብተሩ ቢወድቅ ማንም ማንንም አያውቅበትም። ለሞቱብኝ ሰዎች አንድ አንድ መስመር ብቻ ነው። «መነጽሩን ሳያደርግ ዜና አልሰማም የሚለው» ይላል አንዱ። «ጫማዋን አልጋዋ ሥር ወደ በሩ አዙራ የምታስቀምጠው» ይላል ሌላው። አንቺም ብትጀምሪ የመጀመሪያው መስመርሽ ተገኝቷል። ነገ ጠዋት እዚያ አልጋ ላይ የተኛው አዲሱ ታማሚ ግን ብርሃን ይወድ እንደሆነ አታውቂም፤ መጋረጃውን ከመክፈትሽ በፊት ጠይቂው።